ከአምስት ልጅ በላይ አልቀበልም

በእኛ ኮንዶሚኒየም ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አስጠኚና አስጠኚ ፈላጊ። ሁለቱንም ያልሆነ ካጋጠማችሁ ቤት ሊያሳይ የመጣ ደላላ ነው። ካላመናችሁኝ ልደታ ድረስ ኑና የብሎካችንን ደረጃ ስትወጡ ግድግዳውን አንብቡ። ታች "ዲሽ እንሠራለን" ይላል፣ ከፍ ሲል "የሚሸጥ ፍሪጅ"፣ ከዚያ በኋላ እስከ ላይ ድረስ ሒሳብ ነው። "ሒሳብ በቀላል መንገድ"፣ "ሒሳብ በአንድ ወር"፤ አንዱማ ጭራሽ "ሒሳብ ያለ ጭንቀት" ብሎ ለጥፏል። ያለ ጭንቀት የሚገባ ሒሳብ የት ነው ያለው? የተጨነቀ ልጅ እኮ ቢያንስ እያሰበ ነው።

የእኔ ወረቀት ከሁሉም አጭር ነው። "ሒሳብ፣ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል። ከአምስት ልጅ በላይ አልቀበልም። አራተኛ ፎቅ፣ ሚስ አስካለ።" ስልክ ቁጥር የለውም። ልጁ እንዲማርለት የፈለገ ወላጅ አራት ፎቅ ይወጣል።

"ሚስ" ስለሚባለው ነገር አንድ ሁለት ቃል ልበል። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በመሃሉ አግብቻለሁ፣ ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ ሁለት የልጅ ልጅ አይቻለሁ። አሁንም ሚስ ነኝ። ባለቤቴ እንኳን ነፍሱን ይማረውና፣ ሲፈራኝ ሚስ ይለኝ ነበር።

ለምን አምስት? ለወላጆች የምሰጠው መልስ ረጅም ነው። አንድ አስተማሪ በአንድ ጊዜ የአምስት ልጅ ዓይን ብቻ ነው መከታተል የሚችለው፤ ምድር ቤት ያለው ጎረምሳ ሃያ አምስት ልጅ አንድ ሱቅ ውስጥ አጭቆ የሚያካሂደው ስብሰባ እንጂ ጥናት አይደለም፤ እኔ ጋ ግን ዘዴ አለ፣ እላቸዋለሁ። ወላጅ "ዘዴ" የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ይበራል። እናንተን ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም። ምክንያቱ ወንበር ነው። ሳሎኔ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ልጅ ይቀመጣል፣ እኔ ከጫፉ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ፣ ቦታው አለቀ።

ዘዴ የምለውም ቢሆን ጨርሶ ባዶ አይደለም። አንድ ሕግ አለኝ። መክሰስ የሚቀርበው በአንድ ሳህን ነው፣ ሳህኑም የሚከፈተው አምስቱም ሥራቸውን ሲጨርሱ ነው። አንድ ልጅ ከቀረ አራቱ ሳህኑን እያዩ ይጠብቃሉ። ሕጉን ያወጣሁት ቶሎ የሚጨርሱት ሌላውን እንዳይረብሹ ነበር። መክሰሱን ቤተሰቦች በየተራ ይልካሉ። ከሁሉም የሚናፈቀው የሐያት እናት የወይዘሮ ዘሃራ ሳምቡሳ ነው። ወይዘሮ ዘሃራ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አላት። ሙስሊም ናት፣ የእኛን ጾም ግን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች፤ ተራዋ ረቡዕ ከዋለ ሳምቡሳው የምስር ነው። እኔ አንድ ረቡዕ ረስቼ የእንቁላል ሳንድዊች አቅርቤ፣ ልጆቹ አንዴ ሳህኑን አንዴ እኔን እያዩ መግቢያ አሳጥተውኛል።

ዘንድሮ አምስቱም አራተኛ ክፍል ናቸው። ናሆም ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣል። ቦናና ቦንቱ መንትዮች ናቸው፤ ሲጣሉ እንኳን በተራ ነው። ቤተል ላጲስ ትወዳለች፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ትፈገፍጋለች፣ ግን ትጨርሳለች። ሐያት የመጨረሻ ናት። አራቱ እርሳሳቸውን አስቀምጠው ሳህኑ ላይ ሲያፈጡ እሷ ገና ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ናት። ሁልጊዜ። ይህን ያህል ዓመት ያስተማረ ሰው ልጅን በዓይኑ ይመዝናል፣ እኔም መዝኜ ጨርሻለሁ፤ ሐያት ጥሩ ልጅ ናት፣ ሒሳብ ግን አልተሰጣትም።

እንዲህ ተስማምተን ስንኖር አንድ ቀን የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተካልኝ አራት ፎቅ ወጥተው መጡ። የልጅ ልጃቸው ብሩክ ሒሳብ አስቸግሮታልና እንድይዝላቸው ጠየቁኝ። ሞልቷል አልኳቸው፤ ወረቀቴንም በቃሌ አነበብኩላቸው። ገባኝ አሉ። ሕግ ሕግ ነው፣ እኔም የሕግ ሰው ነኝ አሉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዘወር ብለው ሰሞኑን የፓምፑ ድምፅ እንዳላማራቸው ነገሩኝ። ፓምፑ ውሃ በመጣ ቀን ወደ ላይኛው ፎቅ የሚገፋልን ነው፣ ቁልፉ ያለውም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ገና አልተበላሸም አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ያለ ውሃ አራተኛ ፎቅ መኖር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ጄሪካን ይዞ የወጣበት ብቻ ነው። ጉልበቴ ደግሞ እንደ ሒሳቤ አይደለም። ስለዚህ አንድ ልጅ መውጣት አለበት። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሳምቡሳዋን እየበላሁ ወይዘሮ ዘሃራን ልጅሽ ትቅር እንዴት ልበላት? ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሰው መቀነስ ፈልገው መናገር ሲያፍሩ የሚያደርጉትን አደረግሁ። ፈተና አወጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት ለአምስቱም ነገርኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት አሥር ጥያቄ ይኖራል፣ ዝቅተኛ ያመጣ ለጊዜው ያርፋል አልኳቸው። "ያርፋል" የሚለውን ቃል የመረጥኩት ተጨንቄ ነው። በኋላ ሲከፋኝ፣ የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ቁጥሩ ነው ለማለት እንዲመቸኝ ነው። ሐያት ብቻ ስንት ቀን እንዳላቸው ጠየቀችኝ። አራት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ቅዳሜ ቤቴን የብሔራዊ ፈተና ጣቢያ አስመሰልኩት። ናሆም ወጥ ቤት፣ ቦና በረንዳ፣ ቦንቱ መኝታ ቤት፣ ቤተል ሳሎን፣ ሐያት ኮሪደሩ ላይ። መኮራረጅ የሚባል ነገር እንዳይኖር ከክፍል ክፍል ስዞር በዚያ ጠዋት የሄድኩት መንገድ ሜክሲኮ ደርሶ ይመልሳል። እንደተለመደው ሐያት የመጨረሻ ሆነች፣ ሳህኑ ተከፈተ፣ በሉና ሄዱ። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ከፈትኩ።

ናሆም ሰባት። ገረመኝ፤ ግን ችኩል ነው፣ እሰየው አልኩ። ቦና ሰባት። ቦንቱም ሰባት፤ መንትያ አይደሉ? ቤተል ሰባት። የሐያትን ወረቀት ያነሳሁት በቀስታ ነው፤ ከወይዘሮ ዘሃራ ጋር ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቴን ወዴት እንደማዞር እያሰብኩ። ሰባት። ሁለት ጊዜ ደመርኩት፤ ሰባት።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ትጠራጠሩ ነበር። እኔ ግን በራሴ የምተማመን ሴት ነኝ። አምስት ክፍል ውስጥ ለየብቻ የተቀመጡ አምስት ልጆች እኩል ካመጡ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል? አስተማሪያቸው ናት። ወዲያው የብሎካችን ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጻፍኩ፤ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ ይህ የዘዴው ውጤት ነው። እናቶች አበባ ላኩልኝ። አቶ ተካልኝ አንድ አውራ ጣት ላኩ። ማንም ዝቅተኛ ስላልሆነ ማንም አያርፍም፣ የብሩክን ነገር ነገ አስብበታለሁ ብዬ ሻዬን በኩራት ጠጣሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወረቀቶቹን በድጋሚ ዘረጋኋቸው። የልብ ልብ ስለተሰማኝ ላደንቃቸው ነበር። ናሆም ስድስት ጊዜ አራት ሃያ አምስት ነው ብሏል። ናሆም ተኝቶም ቢሆን ሃያ አራት የሚል ልጅ ነው። ሌሎቹን ሁለት ስህተቶቹን አየሁ፤ እነሱም ከትክክለኛው መልስ በአንድ ይበልጣሉ። ቦናን አየሁ፤ ሦስቱም በአንድ ይበልጣሉ። ቦንቱም እንዲሁ። ሐያትም። የልጅ ስህተት እንደዚህ አይደለም። የልጅ ስህተት የተዝረከረከ ነው፤ ቁጥር ይገለብጣል፣ መስመር ይዘላል፣ መቀነስ ሲገባው ይደምራል። በሥርዓት የተሠራ ስህተት በሠላሳ ሁለት ዓመት አይቼ አላውቅም። የቤተል ብቻ እንደ ሰው ስህተት ነበር፤ ተጽፎ፣ በላጲስ ተፈግፍጎ፣ እንደገና ተጽፎ፣ እንደገና የተሳሳተ።

የሐያትን ወረቀት እንደገና ወሰድኩት። አሥረኛውን፣ ከባዱን የማካፈል ጥያቄ፣ ከነቀሪው ንጹህ አድርጋ ሠርታዋለች። ሦስቱን ሆን ብላ ከሳተች፣ ሳትስት ስንት ታመጣ ነበር? አሥር ማለት ነው። ያቺ ሒሳብ አልተሰጣትም ያልኳት ልጅ። ሻዬን አስቀመጥኩት።

ሰኞ መክሰሱን ሳላቀርብ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ናሆምን ነበር። እሱ እንዳልሆነ፣ እሱማ አሥር ሊያመጣ ፈልጎ እንደከለከሉት ነገረኝ፤ ይህም በወላጆች ግሩፕ ላይ እንዲጻፍለት ጠየቀኝ። ማን ከለከለህ ስለው ዓይኑ ሐያት ላይ አረፈ። እሷም አልካደችም። ረጋ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳችኝ። ማንም መውጣት ስለሌለበት ሁሉም እኩል ማምጣት ነበረባቸው። ስንት እንደሚያመጡ የሚወስነው የቤተል ውጤት ነው፣ ምክንያቱም ቤተል ናት የሚከብዳት። ስለዚህ ከማክሰኞ ጀምሮ ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ መሃል ደረጃው ላይ ተቀምጠው አስጠናቻት። ረቡዕ አምስት አመጣች፣ ሐሙስ ስድስት፣ አርብ ሰባት። ሰባት ይሁን ተባለ።

ቤተል ቅዳሜ ስምንት ብታመጣ ኖሮስ አልኳት።

"ትብለጠና፣ ምን ችግር አለው?" አለችኝ።

ስድስት ብታመጣስ አልኳት። ይሄኔ እኔን ያየችኝ አስተያየት አሁንም ከፊቴ አልጠፋም።

"አታመጣም ሚስ፤ እኔ ነኝ ያስጠናኋት።"

ተማሪዬ ላይ እንዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። በራሴ ላይ ብቻ ነበር እርግጠኛ የነበርኩት። ግን አንድ ያልገባኝ ነገር ነበረ፤ ሒሳቡን እንዲህ ከቻለችው ለምን ሁልጊዜ የመጨረሻ ትሆናለች? ስጠይቃት ቤተልን በጎን አየት አድርጋ ድምፅዋን ቀነሰች።

"ሳህኑን ሁሉም እያየ ሲጠብቅ የመጨረሻው ሰው ይሰቀቃል። ቤተል ታለቅሳለች ሚስ፤ እኔ አላለቅስም።"

ዓመቱን ሙሉ ቤተል ጽፋ እስክትጨርስ እሷ አቀርቅራ ትጠብቃት ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ እል ነበር። ደንግጬ አፈርኩ፤ እንባዬም መጣ፣ ሽንኩርት ልከትፍ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። መክሰስ ላይ ሽንኩርት ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ጨዋ ልጆች ናቸው።

ስመለስ ከዚህ በኋላ ማንም እንደማይወጣ ነገርኳቸው። የብሩክንም ነገር አልደበቅኳቸውም፤ ቦታ ስለሌለ ነው፣ አምስት ወንበር ብቻ ነው ያለኝ አልኳቸው። ሐያት ጠረጴዛውን ዞር ዞር ብላ አየችና ስድስት ናቸው አለችኝ። ቆጠርኩ። አምስት ልጅ፣ አምስት ወንበር። አምስት ነው አልኳት። እሷም በአክብሮት፣ እርስዎ የተቀመጡበትን አልቆጠሩትም አለችኝ።

ብሩክ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ፓምፑም ድምፁ ተስተካክሏል፣ ያለ ሠራተኛ፣ በራሱ ጊዜ። ወረቀቴ ላይ "አምስት" የሚለውን ሰርዤ በእስክሪብቶ "ስድስት" ብያለሁ። እኩል የማምጣቱ ነገር በቃ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይሥራ ብዬም አስጠንቅቄያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ለልምምድ ያህል አሥር ጥያቄ ሰጠኋቸው። ስድስቱም ስድስት አመጡ። የማን ስድስት እንደሆነ ለማወቅ መመርመር አላስፈለገኝም፤ ሐያትና ብሩክ ሰሞኑን ደረጃው ላይ አብረው ነው የሚቀመጡት።

አቶ ተካልኝ ሰኞ በጥናታችን ሰዓት አራቱን ፎቅ እየሮጡ ሊወጡ ምንም አልቀራቸው። ብሩክ ከናሆም እኩል አመጣ እኮ፣ በሦስት ሳምንት፣ ምን አድርገውት ነው አሉኝ። ዘዴ አለኝ አልኳቸው፣ በሙሉ ልብ። ይህን ስላቸው ግን ቆሜ ነበር፤ ብሩክ የዕለቱን ሥራ ገና አልጨረሰም፣ ሐያትም ካጠገቡ አቀርቅራ የመጨረሻ ለመሆን እየጠበቀችው ነበር።