ንጹህ አየር ፍለጋ

በእኛ አገር ጭስ የተከበረ ነገር ነው። ጭስ የማይወጣበት ቤት ሰው የማይኖርበት ቤት ነው፤ መንገደኛም ልቡ የሚረጋው ከሩቅ ጣሪያ ላይ ጭስ ሲያይ ነው። በኅዳር ደግሞ በሽታን ራሱን በጭስ እናባርራለን። ቆሻሻችንን ደጃፍ ላይ ቆልለን፣ ላስቲኩንም የተበጠሰ ጫማውንም ጨምረን እሳት እንለቅበታለን። በሽታው ይሂድ አይሂድ የሚያጣራ የለም። እኛ ግን ስንስል እናመሻለን።

አክስቴ እቴቴ ጥሩወርቅ አስም አለባቸው። ባለፈው ኅዳር ሲገባ ደብረ ማርቆስ ያለው ሐኪማቸው፣ «እማማ፣ ከከተማው ጭስ ራቅ ይበሉ፤ ንጹህ አየር ያስፈልግዎታል» አላቸው። ንጹህ አየር የት እንዳለ መቼም እርስዎም ያውቃሉ። ገጠር ነዋ! ታናሽ ወንድማቸው አያ ደመቀ ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ያርሳሉ፤ እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ በሚኒባስ ይዣቸው ሄድኩ።

ከድጡ ወደ ማጡ። ከመኪናው ስንወርድ ሰማዩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፀሐይ አለች፤ ግን ዓይኑን እንደታመመ ሰው ፈዛለች። አንዱ ገለባ ያቃጥላል፣ ሌላው ቁጥቋጦ መንጥሮ ያነዳል፤ አያ ደመቀም ጓሯቸው ውስጥ የባሕር ዛፍ ግንድ ከምረው፣ አፈር አልብሰው ከሰል ያከስላሉ። ነፋስ ስለሌለ የሁሉም ጭስ ሸለቆው ላይ አብሮ ተኝቷል።

«ይሄ ምንድን ነው ደመቀ?» አሉ እቴቴ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

«ጉም ነው፣ እታለም።»

«በቀትር?»

«ዘንድሮ ሁሉም ወጉን ስቷል። ፀሐይዋም ሰንፋለች፤ ሶላሯ ስልክ እንኳ አልሞላ ብላኛለች።»

እኔ መቼም ዝም አልልም። አንድ የአየር ጠባይ ባለሙያ በራዲዮ ሲናገር የሰማሁትን አወራሁላቸው። የየመንደሩ ጭስና ጥላሸት ተሰብስቦ አገር ሲጋርድ፣ ፀሐይን ከመሬት ይከለክላል፤ ላይ ላዩን አየሩን ያሞቃል፤ ደመናውንም ያውካል፤ ዝናቡም ሲጠበቅ ይቀራል፣ ሳይጠበቅ እንግዳ ደራሽ ይሆናል።

«ታዲያ አገር የሚጋርደው የእኔ አንድ ክምር ነው?» አሉ አያ ደመቀ። ከራስ በላይ ነፋስ ማለት ይሄ ነው፤ ነፋሱ በጭስ ተሞልቶም ቢሆን።

በማግስቱ ማለዳ የእቴቴ ትንፋሽ ማፏጨት ጀመረ። በአፋቸው የሚስቡት መድኃኒት አልረዳቸው አለ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። የአያ ደመቀ ሚስት ፍም በገል ይዘው፣ ቅጠል ጨብጠው ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ምች ነው! ትታጠን!»

«የመታቸው ጭስ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ በጭስ ነው የሚወጣ!»

መኪና እንዳንጠራ የሁላችንም ስልክ ያቺኑ ሶላር አምኖ ሞቷል። ገለባ የሚያነዱት ጎረቤቶች መንሻቸውን ጥለው መጡ፤ በቃሬዛ አንስተው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ፣ እየሳሉ ጤና ጣቢያ አደረሱልን። እግዜር ይስጣቸው። በጭሱም በቃሬዛውም የሚቀድማቸው የለም።

ነርሷ ኦክስጅን እየሰካች፣ «ከየት ነው ያመጣችኋቸው?» አለችኝ።

«ከገጠር። ንጹህ አየር እንዲያገኙ ብዬ...»

አልሳቀችም። ልጆቻቸውን የታቀፉ፣ የሚያስሉ እናቶች የሞሉበትን አግዳሚ ወንበር በአገጯ አሳየችኝ። «እነዚህም ከዚያው ናቸው።»

አያ ደመቀ የእህታቸውን እግር ይዘው ያለቅሳሉ። «እታለም፣ እኔ ነኝ የገደልኩሽ!»

«አልሞትኩም እኮ» አሉ እቴቴ፣ ጭንብሉን ከፍ አድርገው።

የዚያኑ ቀን አያ ደመቀ ቤታቸው ተመልሰው ክምሩን አፈረሱ፤ ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ከሰል ሆኖ ቀረ። ውሃ አፍስሰውበት አደሩ። ጠዋት ሲወጡ ግን ሰማዩ ያው ነው። ጎረቤታቸውን፣ «የእኔ ጠፍቷል፤ ይሄ የማነው?» ቢሉት ወንዝ ማዶ አመለከተ። ወንዝ ማዶ ያሉት ወደ ከተማው አመለከቱ። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ፣ የገጠሩን ከሰል እያነደድን፣ ወደ ገጠር እናመለክታለን። ጭስ የቀበሌ ድንበር አያውቅም። ጣት ግን ጠንቅቆ ያውቃል።

ዛሬ መንደሩ፣ «ደመቀ ብቻውን ሰማይ ሊጠርግ!» እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸው ገለባቸውን ለከብት ያበላሉ፤ ከሰሉንም እርግፍ አድርገው ትተዋል። እስካሁን የተከተላቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው፤ እሱም ሚስቱ ማሳል ስለጀመረች ነው ይባላል።

እቴቴ ዳኑ። ማርቆስ ተመልሰው መስኮታቸውን በጨርቅ ወትፈው ተቀምጠዋል። በቀደም ለገና የት መዋል እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው።

«ደመቀ ጋ ውሰደኝ።»

«ኧረ እቴቴ! ጭሱስ?»

«ጭሱማ እዚህም አለ» አሉኝ። «እዚያ ግን አንድ ክምር ጎድሏል።»