ጽሑፉን የሚከልሉት አቶ እንግዳ

አቶ እንግዳ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮታቸውን ይቆልፉና ከከሰል ካውያው አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጀርባቸው ከልለው ይቆማሉ። ከዚያ ጎብኚ ይጠብቃሉ።

አገራችን ውስጥ ዝም ተብሎ እንዲታይ የተተወ ነገር የለም። ሲኒማ ቤት ከኋላ ተቀምጦ ማን እንደሚሞት የሚነግር፣ ታክሲ ውስጥ ሰው በእጁ የያዘውን ጋዜጣ ለራሱ ለባለጋዜጣው የሚተርክ መቼም አይጠፋም። ከሀይሌ ጋርመንት ዝቅ ብላ ባለችው ትንሽ የልብስ ስፌት ሙዚየም ይህን ሥራ የያዙት ሊቀ ገላጮች አቶ እንግዳ ናቸው። "ይቆዩ፣ እሱን እኔ ልንገርዎት" ይላሉ። ጎብኚው ገና አፉን አልከፈተም።

ካውያው ስንት ከሰል እንደሚበላ፣ የስፌት መኪናው መርገጫ ለምን በቀኝ በኩል እንዳለቀ ያውቃሉ። የማያውቁትንም ያውቃሉ። አንድ ቀን ስለ እሳት ማጥፊያው ሃያ ደቂቃ ስላብራሩ፣ ጎብኚዎቹ ቅርስ መስሏቸው አጠገቡ ፎቶ ተነሥተዋል።

ጸደንያ የመጣችው እሳቸውን ለመተካት ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተር የተማረች የጎፋ ልጅ ናት። በየዕቃው አጠገብ በስልክ ሲነበብ ስለ ዕቃው የሚያስረዳ ኮድ ለጠፈች፤ መነጽሮችም አመጣች። መነጽሩን ያደረገ ሰው ክፍሉን እንዳለ ያየዋል፤ ባዶው የስፌት መኪና ላይ ግን አንድ ልብስ ሰፊ ተቀምጦ ሲሰፋ ይታየዋል።

የሙዚየሙ ኃላፊ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ፣ "አዳራሹ ያለ አስጎብኚ መሥራት ይችል እንደሆነ እስከ ዓርብ ጽፈሽ አቅርቢልኝ። ከቻለ አቶ እንግዳ ጡረታ ይወጣሉ" ብለዋታል። ይህንንም አቶ እንግዳ ያውቃሉ።

ሰኞና ማክሰኞ ስልኮቹ ኮዱን ማንበብ አቃታቸው። ጸደንያ ኔትወርኩን ስትወቅስ ሰነበተች። ረቡዕ ቀርባ ስታይ አቶ እንግዳ ኮዱ ፊት ቆመዋል።

"ጋሽ እንግዳ፣ ትንሽ ፈቀቅ ቢሉልን። ስልኩ የሚያየው የእርስዎን ኮት ነው።"

"እንግዲያው ትክክለኛውን ምንጭ አግኝቷል" አሏት። ፈቀቅም አሉ፤ አንድ ጣት ያህል።

ሐሙስ ከሰዓት እትዬ ዶርቃ የሚባሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሰፈሩ ሴት መጡ። ጸደንያ መነጽሩን አደረገችላቸው። ልብስ ሰፊውን ሲያዩ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እንደምን ዋልክ ልጄ?"

ልብስ ሰፊው ይሰፋል።

"ደህና ነህ ወይ?"

ይሰፋል።

"ምን አስቀይሜው ነው?"

"እማማ፣ ምስል እኮ ነው። አይሰማም" አለች ጸደንያ።

"ምስልስ ቢሆን፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሰላም ሲለው ቀና አይልም?" እጃቸው መነጽሩን ሊያወልቅ ተነሣ። በዚያ ሳምንት በዚሁ ተቀይመው የወጡ ሦስት እናቶች ነበሩ፤ አራተኛዋ ሊሆኑ ነው። ጸደንያ ለስምንት ወር ስትደክም የክሩን ቀለም ሳይቀር አስባበታለች። ሰላምታ ግን አላሰበችም።

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንደምን ዋሉ እናቴ" አሉ አቶ እንግዳ ከኋላ። "አይቀየሙኝ፣ መርፌ በአፌ ይዤ ነው።"

የእትዬ ዶርቃ እጅ ወረደ። "እንዲህ በል እንጂ። ቀሚስ ታሳጥራለህ?"

"አሳጥራለሁ።"

"መቼ ይደርሳል?"

"ለቅዳሜ።"

"ሁላችሁም ለቅዳሜ ነው የምትሉት። ያ ቅዳሜ መጥቶ አያውቅም።"

እትዬ ዶርቃ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ስለ መርገጫው ጠየቁ፣ ስለ ክሩ ጠየቁ፤ ልብስ ሰፊው መለሰላቸው። ጸደንያን የገረማት ግን ሌላ ነው፦ አቶ እንግዳ በዚያ ግማሽ ሰዓት ያልተጠየቁትን አንድም ነገር አልተናገሩም። ሴትየዋን በር ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ፣ "ሰውዬሽ ጥሩ ነው፤ ዓይን አፋር ሆነ እንጂ" አሏት።

ዓርብ ወይዘሮ ጸሐይወርቅ የሪፖርቱን የመጨረሻ መስመር ጮክ ብለው አነበቡት፦ "አዳራሹ ያለ አቶ እንግዳ መሥራት አይችልም።" ቀና አሉ። "ብዙ ያወራሉ ይባላል።"

"ቀኑን ሙሉ" አለች ጸደንያ። "ትናንት የተጠየቁትን ብቻ ሲመልሱ ጨንቆኝ ነበር።"

ሰኞ ከመካኒሳ አቦ አርባ ተማሪዎች ይመጣሉ። መነጽሮቹ ስድስት ናቸው፤ የቀሩት ሠላሳ አራቱ የአቶ እንግዳ ናቸው።