ጥራት ያለው ሃያ አንድ

(ካዛብላንካ፣ ሐይ መሐመዲ ሰፈር። የጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር የጂላሊ ጌም ቤት። ስድስት ኮምፒውተር፣ ስድስት ወንበር፤ ተጫዋች የለም። ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር ቡሽታ አንዱ ስክሪን ፊት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ተቀምጧል። ጂላሊ ከጠረጴዛው ስር፣ ክዳኑ የተከፈተው የኮምፒውተር ሳጥን ጋ ተንበርክኮ የስክሪኑን ስዕል የሚያፈጥኑ ካርዶች ይቀያይራል፤ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው።)

ቡሽታ፦ ማራገቢያ መቁጠር እውቀት አይደለም፣ ጂላሊ።

ጂላሊ፦ እኔ ያልኩት ቀዩ ካርድ ሦስት አለው፣ ጥቁሩ ሁለት፣ ብቻ ነው መምህር።

ቡሽታ፦ ዝንብ ስድስት እግር አላት። ፈረስ ትቀድማለች?

ጂላሊ፦ አትቀድምም።

ቡሽታ፦ ስለዚህ።

ጂላሊ፦ ስለዚህ ፈረሱ ጥቁሩ ነው?

ቡሽታ፦ አትቸኩል። ጥቁሩ አሥራ ሁለት ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ ቀዩ ስምንት። ቀዩ ግን ሁለት መቶ ሠላሳ ዋት ይበላል፣ ጥቁሩ መቶ ሰባ።

ጂላሊ፦ የሚሮጠው የበላው ነው የጾመው?

ቡሽታ፦ ይሄ የሾፌር ጥያቄ ነው።

ጂላሊ፦ ሾፌር ነበርኩ።

ቡሽታ፦ የሰው ልጅ ከመከራው ሁሉ የሚከብደው ምርጫ ነው። አንዱን ስትመርጥ ሌላውን ትቀብራለህ።

ጂላሊ፦ አንቀብርም፣ እንመልሳለን። የደርብ ግለፍ ገበያው ሰውዬ መታወቂያዬን ይዞ ነው ሁለቱን የሰጠኝ። «ሞክር፣ ከሰዓት የዐስር ሶላት አዛን ሳይል አንዱን መልስ» ብሎኛል። አሁን ከምሳ ወዲህ አራተኛ ሻይ ላይ ነን።

ቡሽታ፦ እውነት በአዛን አትለካም።

ጂላሊ፦ መታወቂያዬ ትለካለች። ይኸውልዎት መምህር፣ ነገ የሰፈሩ የኳስ ጌም ዋንጫ ነው። ባለፈው ዋንጫ ልጆቹ ምን እንዳሉኝ ያውቃሉ? «አባ ጂላሊ፣ እዚህ ቤት እግሩ ይመታል፣ ኳሱ በኋላ ሰምቶ ይሄዳል።» ከዚያ ሁሉም ተነሥተው ማዶ ራሃል ጌም ቤት ሄዱ። ነገም ከተንቀራፈፈ እዘጋለሁ። ከዘጋሁ ደግሞ ብርሺድ፣ ልጄ ቤት ነው የምገባው። ምራቴ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ኪሷ ውስጥ ይዛ ነው የምትተኛው።

ቡሽታ፦ ራሃልን አታንሣብኝ። «እንደ ጂላሊ ቤት ኮምፒውተሮችህን እኔ ልግጠምልህ» ብዬው እምቢ ያለ ሰው ነው። መሃይም።

ጂላሊ፦ ቤቱ ግን ይሞላል።

ቡሽታ፦ ቤትማ ቄራም ይሞላል።

(ጂላሊ ከስር በረጅሙ ተነፈሰ።)

ጂላሊ፦ እሺ፣ ልኬቱን ያንብቡልኝ። የዛሬው ካርድ ከሠራልኝ ሞተር ሳይክሌን ሸጬ ለስድስቱም እገዛለሁ።

ቡሽታ፦ ቀዩ፣ በሰከንድ ሃያ አንድ ስዕል።

ጂላሊ፦ ጥቁሩስ?

ቡሽታ፦ ሃያ አንድ።

ጂላሊ፦ የድሮው፣ ጠዋት ያወጣነው?

ቡሽታ፦ እሱም... ሃያ አንድ።

ጂላሊ፦ እኩል ናቸዋ።

ቡሽታ፦ ቁጥሩ እኩል ነው፣ ነገሩ እኩል አይደለም። የድሮው ሃያ አንድ የደከመ ሃያ አንድ ነው። የጥቁሩ ግን የተረጋጋ፣ ጥራት ያለው ሃያ አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሃምሳ ያመጣ ጎበዝ አለ፣ ሃምሳ ያመጣ ደደብም አለ።

ጂላሊ፦ ሦስት ተማሪ እኩል ሲያመጣስ፣ ተኮራርጀው አይደል?

ቡሽታ፦ አርፈህ ጥቁሩን አውጣና ቀዩን መልሰህ ስካ። የመጨረሻ ልኬት ነው።

(ከጠረጴዛው ስር ብሎን ሲፈታ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ቆመ።)

ጂላሊ፦ አንድ ደቂቃ፣ መምህር...

ቡሽታ፦ ጊዜ የለንም ያልከው አንተ ነህ።

(ቡሽታ በጫማው ጫፍ ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ በራ። ሃያ ሁለት ተጫዋቾች ጭቃ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ መሮጥ ጀመሩ።)

ቡሽታ፦ ይኸው ቀዩ። ሣሩን እየው። ሣሩ ይተነፍሳል።

ጂላሊ፦ ስንት ይላል?

ቡሽታ፦ ሃያ አንድ። ግን የበረኛውን ጥላ ተመልከት። ይሄን ጥላ ጥቁሩ በሕልሙም አያመጣውም። አሁን ገባኝ፤ ሦስቱ ማራገቢያ በከንቱ አይደሉም።

ጂላሊ፦ ዝንቧ ቀደመች?

ቡሽታ፦ ቀዩን እናስቀር። በኃላፊነት ነው የምናገረው።

(ጂላሊ ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር ወጣ። የዳቦ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀዩን አወጣ። ከቀዩ ቀጥሎ ጥቁሩን።)

ቡሽታ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ጂላሊ፦ ቀዩ። ይሄ ደግሞ ጥቁሩ። የድሮው መስኮቱ ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ምንም የለም።

(ቡሽታ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አደረገ።)

ቡሽታ፦ ለምን አልሰካኸውም?

ጂላሊ፦ ልሰካ ስል ወገቤን ያዘኝ። ትንሽ ላርፍ ስል እርስዎ ማድነቅ ጀመሩ። ሰው ሲያደንቅ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ።

ቡሽታ፦ ታዲያ እኔ የማንን ጥላ ነው ያየሁት?

ጂላሊ፦ እሱን ፊዚክስ ይመልስ። እኔ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሠላሳ ዓመት ነድቻለሁ። ሞተር ተቀይሮ ዳገቱ በዚያው ፍጥነት ከተወጣ፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። ሞተሩ ወጥቶም በዚያው ፍጥነት ከተወጣ፣ የሚጎትት ሌላ መኪና አለ ማለት ነው። የስክሪኑ ገመድ የት ነው የተሰካው?

ቡሽታ፦ ላይ። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ላይ።

ጂላሊ፦ ካርዱ የራሱ መሰኪያ የለውም?

(ቡሽታ ሻዩን አነሣ፤ ብርጭቆው ባዶ ነበር።)

ቡሽታ፦ አለው። ታች። ገመዱ እዚያ ካልተሰካ ካርዱ ስክሪኑ ጋ አይደርስም።

ጂላሊ፦ ዛሬ ሦስት ጊዜ ካርድ ሳወጣ የስክሪኑን ገመድ አንድም ጊዜ መንቀል አላስፈለገኝም። ገርሞኝ ነበር። ልጠይቅ አልኩና ገመዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁ።

ቡሽታ፦ የቱን ወረቀት?

ጂላሊ፦ «አይነካ። መምህር ቡሽታ።» ዓመቱን ሙሉ አልነካሁም። ስጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነበር የምጠርገው።

(ጎንበስ ብሎ የድሮውን ካርድ መለሰ። ወረቀቱን ልጦ ገመዱን ከላይ ነቀለ፣ ታች ካርዱ ላይ ሰካ። አበራው። ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ከጭቃው ወጡ።)

ጂላሊ፦ ያንብቡ።

ቡሽታ፦ ሃምሳ ስምንት።

ጂላሊ፦ የደከመ ነው ጥራት ያለው?

ቡሽታ፦ ሌሎቹ አምስቱስ?

ጂላሊ፦ አምስቱም ላይ ወረቀት አለ።

(ከመስጊዱ የዐስር አዛን ተሰማ። ጂላሊ ሁለቱን ካርዶች ከረጢቱ ውስጥ መልሶ የሞተር ሳይክሉን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሣ።)

ቡሽታ፦ ጂላሊ፣ ይሄ ነገር እዚሁ ይቅር። ሰፈሩ ያከብረኛል።

ጂላሊ፦ ለማንም አልናገርም። አንተ ግን እስክመለስ ድረስ ምንም አትንካ።

ቡሽታ፦ «አንተ» አልከኝ?

ጂላሊ፦ (በሩ ላይ ቆሞ ወደ ማዶ እያየ) ዓመቱን ሙሉ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ፣ ይሄ ራሃል በምን በለጠኝ እል ነበር። ማራገቢያውን ቆጠርኩ፣ ሜሞሪውን አጠያየቅኩ። ለካ የበለጠኝ «እምቢ» ያለህ ቀን ነው።