የእማ ዘሀራ ድሪ

ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ አገሩ ዶክተር በዶክተር ሆኗል። ከዶክተር ጋር ተነጋግራችሁ ታውቃላችሁ? የጠየቃችሁትን አይመልስም፤ መልሱ እንዴት እንደሚገኝ ያስረዳችኋል። እኔንስ አድክሞኛል።

መርሳ ገበያ እማ ዘሀራ የእናታቸውን የአንገት ድሪ ሊሸጡልኝ መጡ። ንጹሕ ብር መሆኑን ገና ስነካው አወቅሁ። ነጋዴ ነኝና፣ “እማ፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው” አልኳቸው።

አጠገቤ የቆመው የጎረቤቴ ልጅ፣ ዶክተሩ፣ “በኤክስሬይ ይለያል” አለ። “እያንዳንዱ ማዕድን ጨረር በብዛት የሚውጥበት የራሱ ጉልበት አለው። የጨረሩን ጉልበት ቀስ በቀስ እየጨመርን የገባውንና ያለፈውን ጨረር እንለካለን። ግን ተፈጭቶ በስሱ መነስነስ አለበት።”

“የእናቴን ድሪ ልትፈጨው?” አሉ።

“ሳይፈጭም ጨረሩ ሲያርፍበት መልሶ የሚረጨውን መለካት ይቻላል። መሣሪያው ግን ባሕር ማዶ ነው፤ ወረፋውም ዓመት ይፈጃል።”

“እንግዲህ ዓመት ከሚጠብቁ ለእኔው ይተዉልኝ” አልኩ።

እማ ዘሀራ ድሪውን አንገታቸው ላይ መልሰው አሰሩት። “እሱ ኤክስሬይ ሲል ፊትህ ጨለመ፤ ባሕር ማዶ ሲል በራ። ሰው ለቆርቆሮ እንዲህ አይሆንም፣ ልጄ።”

ሄዱ። ዶክተሩ ግን ስለ ወረፋው ማስረዳቱን አላቆመም።