አቶ ይቅርታና የኮርኒሴ እድፍ

ሰው ሁሉ ከሁለት አንዱ ነው ይባላል፤ ወይ የበደለ፣ ወይ የተበደለ። እኔ ግን ሰባ ሁለት ዓመት ኖሬ ሦስተኛ ዓይነት ሰው አይቻለሁ። ማንም ሳይጠይቀው በደሉን ተሸክሞ የሰው በር የሚያንኳኳ። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ሁለት ከሆኑ ግን ሰፈሩ አይቆምም።

ለእኛ ሕንፃ የደረሰን ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ዕድሜው ስድሳን ተሻግሯል፤ አጭር፣ ደንደን ያለ፣ የመሣሪያ ሣጥኑ አንድ ትከሻውን ወደ ታች ያዘነበለበት ሰው። በዚህ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ውኃ መጣ ከተባለ ያመጣው እሱ ነው፤ ውኃ ፈሰሰ ከተባለም ያፈሰሰው እሱ ነው። እንደማናችንም አንዳንዴ አሳምሮ፣ አንዳንዴ አድበስብሶ ሲሠራ ኖረ። ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ ለሞት ደረሰና ተረፈ። ሰው ሲታመም ስለት ይሳላል፣ ሲድን ይረሳል። እሱ አልረሳም። አልጋው ላይ ሆኖ በሕይወቱ የገጠመውን ቧንቧ ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰ፤ መቆም በቻለ ማግስት ሣጥኑን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ የናትና ያባት ስሙ ቀረ። ሕንፃው በሙሉ ክቡር አቶ ይቅርታ ይለዋል።

መጀመሪያ የደረሰው ዳቦ ጋጋሪው ላይ ነው። በጠዋት፣ ሰልፉ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሶ ሳለ፣ አቶ ይቅርታ ኮፍያውን አውልቆ ገባና ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከሊጥ ማቡኪያው ሥር የቀበረው የፍሳሽ ቧንቧ ከተስማሙበት የቀጠነ መሆኑን በሰው ሁሉ ፊት ተናዘዘ። ጋጋሪው ይቅር ብያለሁ፣ አሁን ከሰልፉ ዞር በልልኝ አለው። አቶ ይቅርታ ግን ይቅርታ ብቻውን አይበቃውም፤ ያበላሸውን ማቃናት አለበት። ጋጋሪው ቧንቧው አንድ ቀን እንኳ ተደፍኖ እንደማያውቅ ቢምልለት፣ የሠራው በምሕረት ነው እንጂ በእኔ ሥራ አይደለም ብሎ ወለሉን ቆፈረው። ሰፈሩ ሦስት ቀን ዳቦ አላየም። በአራተኛው ቀን ጋጋሪው ቄሱ ዘንድ ሄዶ፣ ይህን ሰው እባክዎ ትንሽ ኃጢአት ያስተምሩልኝ ብሎ አመለከተ ይባላል።

የዘበኛችን ነገር ደግሞ ይብሳል። አቶ ይቅርታ አንድ ቀን በሩ ላይ ያዘውና፣ የጠፋችብኝን የቧንቧ መፍቻ አንተ ወስደሃታል ብዬ ስድስት ዓመት በልቤ ሌባ ስልህ ኖሬያለሁ፣ መፍቻዋ ትናንት ከአልጋዬ ሥር ተገኘች፣ ይቅር በለኝ አለው። ዘበኛው ሌባ መባሉን የሰማው ገና ያን ዕለት ነው። እስከዚያ ቀን፣ ዘበኛም ቢሆን፣ በሰላም ይተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር፣ «እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎም እንደዚያ ያስቡ ነበር?» ይለኛል። እንደዚያ አስቤ እንደማላውቅ ለማስረዳት አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

የመምህሩንና የጸጉር አስተካካዩን ነገር አሳጥሬ ልንገራችሁ። አቶ ይቅርታ ድሮ ከመምህሩ ቤት ተበላሽቷል ብሎ የፈታው የውኃ መክፈቻ አልተበላሸም ነበር፤ ወስዶ ጸጉር ቤቱ ገጠመው። እውነቱ ሲወጣ መምህሩ ለአንተ ይሁን አለ፣ ጸጉር አስተካካዩ የሰው ዕቃ አልነካም አለ። ሁለቱ አንተ ትብስ አንተ ትብስ ሲባባሉ ጸጉር ቤቱ ሳምንት ያህል በባልዲ ሠራ። መክፈቻው በመጨረሻ የት እንደገባ አላውቅም። መምህሩ ግን ዛሬ ጸጉሩን የሚስተካከለው እዚያ ነው፤ ያውም ራሰ በራ ሆኖ።

ያልመከረው ሰው የለም። ቄሱ ራሳቸው፣ ልጄ፣ ለእግዚአብሔር ከነገርከው ይበቃል ብለውት ነበር። እሱም፣ «እግዚአብሔርማ ያውቀዋል አባቴ፤ የማያውቁት እነሱ ናቸው» አላቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙት።

ጊዜው እንደምታዩት ነው። ሬዲዮ ስንከፍት ጦርነት ነው፣ ገበያ ስንወጣ ትናንት የነበረ ዋጋ ዛሬ የለም። ለዚህ ሁሉ ደግሞ አንዲት መልስ አለችን፤ ዘመኑ ነው። ወተት ሻጯ ውኃ ስትቀላቅል ዘመኑ ነው። የቢሮው ጸሐፊ በቀን ሦስት ጊዜ ነገ ተመለሺ ሲለኝ ዘመኑ ነው። እኔም የታመመ ጎረቤት ሳልጠይቅ ስቀር ዘመኑ ነው እላለሁ። አቶ ይቅርታ ይህቺን ቃል ሲሰማ ጆሮው ይቀላል። «ዘመን ቧንቧ አይገጥምም። የገጠምኩት እኔ ነኝ» ይላል።

እኔ በዚህ ሁሉ ስስቅ ነበር የከረምኩት። በሰው ቤት ወለል መሳቅ ቀላል ነው።

የእኔ ነገር ያለው ኮርኒሴ ላይ ነው። ከማድ ቤቴ ኮርኒስ መካከል ትሪ የሚያህል ቡናማ እድፍ ነበረ። ቀለም ቀቢ በመጣ ቁጥር ሌላውን ቅባ፣ እሷን ዝለላት እለው ነበር። ማስረጃዬ ነበረች። ከበላዬ የምትኖረው ልብስ ሰፊዋ የልጄ የክርስትና እናት፣ የእኔ አበልጅ ናት። ልጄ ስትዳር የሙሽራ ቀሚሷን ሦስት ወር ሙሉ በእጇ የሰፋችላት እሷ ነበረች። ቀሚሱ ረጅም ስለሆነ እንዳይተጣጠፍ ብዬ ከማድ ቤቴ ኮርኒስ ላይ ሰቀልኩት። የሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ስገባ ከላይ የዛገ ውኃ እየተንጠባጠበ ከደረቱ እስከ ጫፉ አበላሽቶታል።

ቧንቧ ሠራተኛው ተጠርቶ ወደ ላይ ወጣ፣ አየ፣ ወረደ። የዕቃ ማጠቢያው ሞልቶ ፈስሷል፣ ሰው ውኃ ከፍቶ ረስቷል አለ። አበልጄ በእግዚአብሔር ስም ማለች፤ ዘግቼዋለሁ አለች። እኔም ለሠርግ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ ስሙን ለውሸት አትጥሪው አልኳት። ከዚያች ቀን ወዲያ ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገርንም። ልጄ በተውሶ ቀሚስ ተዳረች፤ የክርስትና እናቷ ሠርጓ ላይ አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ልጄ ልትጠይቀኝ ስትመጣ አስቀድማ ጫማዋን በእጇ ይዛ በበሬ በኩል በቀስታ ወደ ላይ ታልፍ ነበር። እናት የልጇን እርምጃ በባዶ እግሯም ቢሆን ታውቀዋለች። ያልሰማሁ እመስል ነበር።

እንዳትፈርዱብኝ፤ ይቅር ብያታለሁ። ክርስቲያን ነኝ። በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ ጌታ ሆይ ያቺን ሴት ይቅር ብያታለሁ እል ነበር። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት እሑድ እንዳለ እናንተ ቁጠሩት። ያን ሁሉ ጊዜ ይቅር መባሏን ያላወቀች እሷ ብቻ ናት፤ አላነጋግራትማ።

ባለፈው ወር ማክሰኞ ከሰዓት ሽንኩርት እየላጥኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አቶ ይቅርታ ነው፤ ኮፍያው በእጁ ነው። ያን ኮፍያ በእጁ ሳይ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ በዓይኔ ቃኘሁ። ተቀመጥ አልኩት፣ አልቀመጥም አለ። ቆሞ ነገረኝ።

ከሠርጉ ቀደም ብሎ ሁከት በነበረበት ዓመት ሱቁ ሁሉ ዝግ ስለነበር፣ ከአበልጄ ወለል ሥር ያረጀ መጋጠሚያ በጨርቅ ጠቅልሎ ገጥሟል። ያፈሰሰው እሱ ነው። በሠርጉ ዋዜማ ወጥቶ ሲያየው ወዲያው አወቀ፤ ፈራና ማጠቢያው ሞልቶ ነው አለ። መፍሰሱን ያቆመው ጨርቁን በስውር አጥብቆ ነው፤ መጋጠሚያው እስከዚያች ማክሰኞ በዚያው ጨርቅ እንደተጠቀለለ ነበር።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። «ይህን ለማን ነግረሃል?» አልኩት።

«ለእግዚአብሔር።»

«እንግዲያው እዚያው ይቅር፣ ልጄ። እኔ አርጅቻለሁ።»

«እግዚአብሔርማ ያውቀዋል እማማ፤ የማያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ኮፍያውን ያሽከረክር ጀመር። ሌላም ነገር እንዳለ ገባኝ። አበልጄ ካወቀች ሰባት ወሯ ነው። የበለጠ የተበደለች እሷ ናት ብሎ አስቀድሞ የሄደው ወደ እሷ ነበር። እሷ ግን እንዳትነግራት ብላ ቃል አስገባችው። ያለችውን እንዳለችው ነገረኝ፤ «አበልጄን አውቃታለሁ፤ ኀፍረቱን አትችለውም። ተዋት፣ እኔ እንደሆንኩ ውሸታም መባሉን ለምጄዋለሁ።»

ሰባት ወር ቃሉን ጠበቀ፤ የእኔን ኮርኒስ ሳይቀድ ሊለውጠው ስለማይችል መጋጠሚያውንም አልነካውም። ከዚያች ማክሰኞ በፊት በነበረው እሑድ ግን በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለአንዲት ሴት፣ እኔ እኮ ያቺን ጎረቤቴን ይቅር ብያታለሁ ስል ከኋላዬ ቆሞ ሰማኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው። አሁን ቃሉን አፍርሷልና ወደ ላይ ወጥቶ እሷንም ይቅርታ መጠየቅ አለበት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ቁጣ ነው። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም፤ የተናገርኩትንም አልጽፈውም። እንደ ዝናብ ቆሞ ተቀበለው። ቁጣዬ ሲያልቅ ግን ከሥሩ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ተበዳይ መሆን ለካ ይመቻል። ዐሥራ አንድ ዓመት ተደላድዬ የተቀመጥኩበትን ወንበር ነበር ያነሣብኝ። ማንበብ የተማርኩት በስተርጅና ነው፤ መጽሐፍ ቅዱሴን በጣቴ እየተከተልኩ ቃል በቃል ነው የማነበው፣ ስለዚህ እንደ ፈጣን አንባቢ የማይመቸኝን መዝለል አልችልም። ወንድምህ በአንተ ላይ የሚቀየምበት ነገር ካለ ሂድና ታረቀው የሚለውን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሁልጊዜ ግን መምጣት ያለባት እሷ ትመስለኝ ነበር።

«ሣጥንህን አንሣ» አልኩት። «አብረን እንወጣለን።»

ደረጃው ሃያ ሦስት ነው። መካከሉ ላይ ትንፋሼን ልሰበስብ ስቆም፣ እኔ ልቅደም እማማ አለኝ። አንተ ያፈረስከው የሰባት ወር ቃል ነው፣ የእኔ በደል የዐሥራ አንድ ዓመት ነው፣ በዕድሜም በበደልም እበልጥሃለሁ አልኩት። በሩ ጋ ደርሰን በሹክሹክታ ማን ያንኳኳ እየተባባልን ሳለ በሩ ራሱ ተከፈተ።

አበልጄ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ አፏን በስፒል ሞልታ ቆማለች። አርጅታለች። ከላዬ ስትራመድ በየቀኑ እየሰማሁ ይህን አላወቅሁም።

አፏ እስኪለቀቅ ብጠብቅ ወኔዬ ያልቅ ነበር። «አልዋሸሽም ነበር» አልኳት። «በሰው ፊት ውሸታም ያልኩሽ እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና እጇ ላይ ካለው ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው። ሰባት ነበሩ። ከዚያ ወደ አቶ ይቅርታ ዞራ፣ «አንተ፣ ምን ብዬህ ነበር?» አለችው። አንገቱን ደፋ።

«ግቢ አበልጄ» አለችኝ። «ደረጃው አድክሞሻል።»

ይቅር አለችኝ። ይቅር ማለት ግን ዝም ማለት አይደለም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ነገረችኝ። ሠርጉን በመስኮት እንዳየችው ነገረችኝ። የቀረበልን ሻይ ቀዘቀዘ፣ ሁለተኛው ቀረበ፣ እሱም ቀዘቀዘ። አቶ ይቅርታ ጥግ ላይ ተቀምጦ ከእኛ ይብስ ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ የእሷን ወለል ሳንቃ አነሣ፣ የእኔን ኮርኒስ ቀደደ፣ መጋጠሚያውን በአዲስ ለወጠ። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ፤ በማድ ቤቴና በቤቷ መካከል ግን ሁለት ክንድ የሚያህል ቀዳዳ ቀረ። እንጨቱ እስኪደርቅ ክፍት ይቆይ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት እኔ ከታች መጽሐፌን ድምፄን አውጥቼ በዝግታዬ አነባለሁ፣ እሷ ከላይ ትሰፋለች። ሲከብደኝና ስቆም፣ «ቀጥይ፣ የትም አልሄድም» ትለኛለች። መርፌዬን ክር አግብታ በገመድ ታወርድልኛለች፤ እኔ ትኩስ ዳቦ በዚያው ገመድ እልካለሁ። ልጄም ጫማዋን አድርጋ ትመጣለች።

ባለፈው ሐሙስ አቶ ይቅርታ ቀዳዳውን ሊዘጋ መጣ። መሰላል ላይ ወጥቶ ሳንቃውን ዳሰሰ።

«ደርቋል እማማ።»

«አልደረቀም» አልኩት። «ርጥብ ነው።»

እንደገና ዳሰሰ። እጁን አየ፣ እኔን አየ። በዚህ ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመት ያለ ጥፋቷ ውሸታም የተባለችው አበልጄ ከላይ በቀዳዳው አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ርጥብ ነው፣ እኔም ነክቼዋለሁ» አለች።

አቶ ይቅርታ ከመሰላሉ ወረደ። ሁለት ምስክር ካለማ ብሎ ሣጥኑን አነሣ፤ ሰኞ እመለሳለሁ አለና ትከሻውን አዘንብሎ ሄደ።

ያ ሰው ሰፈሩን በሙሉ ይቅርታ ጠይቋል፤ እሱን ግን አንድ ሰው እንኳ ጠይቆት አያውቅም። እኔ እጠይቀዋለሁ። ዋሽተንሃል፣ ይቅር በለን እለዋለሁ፤ አበልጄም ከላይ ሆና አሜን ትላለች። ሰኞ ሲመጣ እነግረዋለሁ። ሰኞ ካልሆነልኝ በሚቀጥለው ሰኞ።