ክቡርነቱ ሹሩባ ሲሠራ

ዛሬ ያደርኩት ተኝቼ አይደለም፤ ሕልም ሲያዞረኝ ነው። ሆዷ ባዶ ሆኖ ነው የሚል ካለ፣ በልቻለሁ። ሽሮ ነው የበላሁት፤ ሽሮ ደግሞ ሰው አያሳብድም።

ከተማው የእኛው ከተማ ነበር፤ ነገሩ ብቻ ተገልብጧል። ታክሲውን ተሳፋሪዎቹ ተሸክመውት ይሄዳሉ፣ ሾፌሩ ከላይ ሆኖ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሠራተኞቹ ፀሐይ እየመታቸው ተሰልፈዋል፤ ባለጉዳዩ ውስጥ ወንበር ላይ ተንፈላሶ ስልኩን ይነካካል፣ ስብሰባ ላይ ነው በሏቸው እያለ ይመልሳቸዋል። ደስ አለኝ። እዚሁ ብቀር ምን አለበት ብዬም አስቤ ነበር።

ወዲያው ሰርግ መጣ። ከመኪናው ሁለት ሙሽሮች ወረዱ፣ ሁለቱም ሱፍ የለበሱ፣ ሁለቱም ጢማቸውን የተላጩ። ሰዉ እልል አለ። ከኋላቸው ሌላ ሰርግ ደረሰ፤ እዚያኛው ደግሞ ሁለቱም ቬሎ የለበሱ ሴቶች ናቸው። ሙሽራው የታለ ብዬ ከአጃቢዎቹ አንዷን ብጠይቃት አፌን በእጇ ከደነችው።

«እማማ፣ ሰው ይሰማዎታል።»

ለካ እዚያ አገር ወንድ የሚያገባው ወንድ ነው፣ ሴትም ሴት። ሌላ ነገር አይታወቅም። ታዲያ ልጅ ከየት ታመጣላችሁ አልኳት። በቀበሌ ነው አለችኝ፤ እንደ ስኳሩ፣ ወረፋ ሲደርስ ይታደላል። ሰሞኑን ተቋርጦብናል ብላም አማረረች።

ወንድና ሴት አብረው ከተገኙ ግን ጉድ ፈላ። ነውር ብቻ አይደለም፣ ሕግ ወጥቶለታል። ሕጉን ያወጣው ሰውዬ አደባባዩ ላይ መድረክ ተሠርቶለት ይጮህ ነበር፤ ክቡር አቶ ይርዳው ይሉታል። ወንድና ሴት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ይህ ከውጭ የመጣብን ነው፣ በአባቶቻችን ዘመን ያልነበረ ነው ይላል። ሰዉ ያጨበጭባል። አባትህ እንዴት ወለደህ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ በቀበሌ ነው የሚለኝ ብዬ ተውኩት።

ከሰዉ ዳር ባሌን አየሁት። ድንበሩ ከሞተ ቆይቷል። በሕልሜ ግን ባርኔጣውን አጋድሞ፣ ያንን ቡኒ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ፊቱን ወደ ሌላ መለሰ፤ ሰው እንዳያየን ፈርቶ ነው። ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት። ከአንድ ግንብ ጥግ ስንደርስ ዞሮ፣

«ደህና ከረምሽ ወርቅያንጥፉ» አለኝ።

ስንት የምለው ነገር እያለኝ፣

«ኮትህን ማነው እንዲህ ያቆሸሸው?» አልኩት።

ዝናብ ጣለ። ኮቱን አውልቆ ከሁለታችን ራስ በላይ ዘረጋው። በዚያው ተያዝን። የሕጉ ጠባቂዎች የመጡት ባርኔጣቸውን እግራቸው ላይ፣ ጫማቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ነው። አንደኛው፣ ወንድና ሴት በአንድ ኮት ሥር ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ባሌ ነው እኮ ስለው፣ እማማ ይባስ አያድርጉት ብሎ አዘነልኝ። ሕጉንም ነገረን። ወንዱ ወንዙን በጀልባ ይሻገራል፤ ሴቷ እዚህ ትቀራለች። የተሻገረ አይመለስም። እኔ አንዴ ሸኝቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልሸኝም አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ፍርዱን የሚሰጠው ራሱ ክቡር ይርዳው ስለሆነ ቤቱ ወሰዱን። ግቢው ውስጥ ጠብቁ ተባልን። እኔ ሽንት ቤት ፈልጌ ወደ ጓሮ ዞርኩና አንዱን የሰርቪስ ክፍል በር ገፋሁት። ሽንት ቤት አልነበረም።

አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ ክቡርነቱ፣ ከነከረባቱ፣ ከነደረት ባጁ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ለጋ ቅቤ እስከ ክርኑ ወርዶበት፣ ምላሱን በከንፈሩ ዳር አውጥቶ ሹሩባ ይሠራላታል። ሚዶውን በጥርሱ ይዟል።

«መስመሩ ጠሟል» አልኩት።

ሚዶው ወደቀ። ሰውዬው እንደ ኖራ ነጣ። ይቺ የአክስቴ ልጅ ናት አለ። የአክስት ልጅ ጆሮዋ ሥር እንዲህ አይዳበስም አልኩት። ሴትዮዋ ሳቀች። እናኑ እባላለሁ አለችኝ፤ ይግቡና በሩን ይዝጉት ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሹሩባዋ በአንድ በኩል አልቋል፣ በሌላው በኩል ቆሟል።

«ሕጉን እዚሁ ነው የጻፈው» አለችኝ። «እያነበበልኝ። ነጠላ ሰረዙን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ።»

አንቺም አበድሽ ወይ አልኳት። እሱ ተርበትብቶ ማስረዳት ጀመረ። ዝም ብል ይጠረጥሩኛል፤ የሚጮኸውን ማንም አይጠረጥርም፤ አንድ ቀን ትንሽ ጮህኩ፣ ሰዉ አጨበጨበ፣ በነጋታው ጨምሬ መጮህ ነበረብኝ አለ። እያወራም እጁ ፀጉሯን አልለቀቀም። በአፉ የሰው ትዳር ያፈርሳል፣ በእጁ ሹሩባ ይሠራል።

ድንበሩን ልቀቅልኝ አልኩት። ብለቀው ለምን ለቀቅክ ይሉኛል አለ። እንግዲያው ያየሁትን ለሰዉ ሁሉ እናገራለሁ አልኩና ተነሣሁ። ያን ጊዜ እናኑ እጄን ያዘችኝ፤ የእሷም እጅ ቅቤ ነው።

«ይንገሩበት፣ የእጁን ያግኝ። እኔ ግን ምን ሕግ አወጣሁ እማማ?»

ቅቤውን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ዘወር ስል ክፍሉ አዳራሽ ሆኗል። ወንበሮቹ ጣሪያው ላይ ተሰቅለው ሰዉ ቁልቁል ያየናል፤ የአንዱ ሻይ አናቴ ላይ ተንጠባጠበ፣ ይቅርታም አላለኝ። ድንበሩ ከጎኔ ቆሟል። ያየሁትን በጆሮው ነገርኩት። የሚናደድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ዱሮም ነገር የሚያኝክ ሰው ነው፤ አኘከና፣

«ብትናገሪ እሱንም ከእኔ ጋር ያሻግሩታል እንጂ እኔን አያስቀሩኝም» አለኝ። «ጀልባው ሰፊ ነው።»

ተናደድኩ። ሞቶም አልተለወጠም። ሁልጊዜ ለባዳ የሚያዝን፣ ሁልጊዜ እኔን ክፉ የሚያስመስለኝ። እኔ የወንዙን ማዶ እያየሁ ስቀር ማን ሊያጫውተኝ ነው? ደግሞ ያ ሰውዬ በምን ዕዳዬ ነው የምሸፍንለት? ትዳሬን የሚበትን ሰው ትዳሩን እንድጠብቅለት ማን አዘዘኝ? ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩ። ነገሩ ግን እውነቱን ነው። ከላይ የተሰቀለውን ሰዉ ቀና ብዬ አየሁት። ያ ሁሉ ሰው የሚፈልገው አንድ የሚሻገር ሰው ማየት ነው። ሕጉ ልክ ነው አይደለም ብሎ የመጣ አንድም አላየሁም።

ክቡር ይርዳው ገባ፤ እጅጌውን አውርዶ ቆልፎታል፣ ቅቤው ግን በሸሚዙ ላይ ወጥቶ ያበራል። ፍርዱን አነበበ። መቼም ነጠላ ሰረዙ ልክ ነበር። ከዚያ የምትዪው አለሽ ወይ አለኝ። ጣቴን ወደ ሸሚዙ መቀሰር ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አንድ ነገር አውቃለሁ» አልኩ።

ወንበሮቹ ወደ ታች አዘነበሉ።

«ግን የእኔ ነገር አይደለም፣ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ይናገረው። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ የምሄድበት የለኝም። ባለቤቱ ዝም ብሎ ባሌን ጀልባ ላይ ካወጣው ግን ለአፌ ዋስ አልሆንም።»

ሰዉ ማነው ማነው እያለ ተንጫጫ። ክቡርነቱ መነጽሩን አወለቀ። እኔን አየኝ፣ ድንበሩን አየው፣ ከዚያ ወደ ጓሮው በር ዞረ። የያዘውን ወረቀት ሁለት ቦታ ቀደደው። ድንበሩ እጄን ጨበጠው፤ ያ ሻካራ መዳፉ ነው፣ አልሳትኩትም። ሰውዬው ትንፋሹን ሳበና፣

«ያቺ ጓሮ ያለችው ሴት» አለ፣ «የአክስቴ ልጅ . . .»

«እማማ፣ ይነሡ እንጂ፣ ይነሡ።»

የጨበጥኩት የትራሴን ጫፍ ነበር። የልጄ ሚስት አስካለ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደግናብኛለች። የወረዳው ተመራጭ ጉዱ ወጣ አለችኝ፤ የጎረቤታችን የአዛለች ልጅ። ከወንድ ጋር ሆኖ በመስኮት ቀርጸውት አገር ሁሉ እያየው ነው። ማነው የቀረጸው ብላት አይታወቅም አለች። እሱስ እንደ ራሱ ባሉ ሰዎች ላይ ሕግ አውጥቶ ነበር ወይ፣ ሲጮህባቸው ነበር ወይ አልኳት። አስካለ ያበድኩ መስሏት አየችኝ።

«እሱ? እሱ የቆሻሻ ገንዳ ኮሚቴ ነው እኮ። አፉን የሚከፍተው ስለ ገንዳ ብቻ ነው።»

ገንዳውስ መጣ ወይ አልኩ። አልመጣም አለች። ታዲያ ገንዳው የት ደረሰ ብሎ አዛለች ደጅ የሄደ ሰው አለ? የለም። ዛሬ ግን ሰፈሩ ሁሉ አዛለች በር ላይ ነው፤ ልጁ ውስጥ አለ እያሉ በሩን ይደበድባሉ አለችኝ። አዛለች በር ቆልፋ ለብቻዋ ታለቅሳለች።

«ቶሎ ይበሉ እማማ፣ ሳያልቅ እንድረስ።»

ጫማዬን ስፈልግ በርጩማዬን ያዢልኝ አልኳት። በርጩማ ለምን አለችኝ። አዛለች ደጃፍ ላይ እቀመጥበታለሁ አልኳት፤ የሚገባ ካለ እኔን ዘልሎ ይግባ።