የጋሽ ጥላዬ ቆርቆሮዎች

በየሰፈሩ፣ እሱ ካላስታወሰው ዓለም የሚጠፋ የሚመስለው አንድ ሰው አይታጣም። እንዲህ ያለው ሰው መንገድ አያሳይም፤ ከመንገዱ ጋር ያስተዋውቃል። ካርቱም ውስጥ፣ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ይህን ከባድ ሹመት ለራሳቸው የሰጡት ክቡር ጋሽ ጥላዬ ናቸው፤ የቀድሞ የሐዲድ በያጅ፣ የአሁኑ የታሪክ ሚኒስትር።

የዘይት ቆርቆሮ ይቆርጣሉ፣ በነጭ ቀለም ይጽፉበታል፣ ይቸነክራሉ። “ቃለአብ የመጀመሪያ ፉሉን በልቶ ያለቀሰበት ሱቅ።” “ወለተማርያም ከፖሊስ ያመለጠችበት አጥር።” ይህችኛዋ ቆርቆሮ በጦርነቱ ጊዜ ሁለት ጥይት በልታለች። ጋሼ “አሁን ገና ታሪካዊ ሆነች” ብለው ወለወሏት።

ከእሳቸው ጋር አርካዊት ሰፈር ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በየሃያ እርምጃው “ቁም! የረገጥከው ታሪክ ነው” ይላሉ። አንዴ የሙሽራ መኪና አስቁመው መንገድ ዳር ስለቆመው የውሃ ጋን ማስረዳት ጀመሩ። ሾፌሩ “ያ ዐም፣ ያላ!” እያለ እንዲያሳልፉት ጡሩምባውን ቢነፋ፣ “ጋኑ ይቀድማል፤ ከአንተ በፊት ነው የመጣው” አሉት።

አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ ሰው ሁሉ በባቡር የመጣ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ዓርብ ሬሕማ፣ እዚሁ አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት ሠርታ ልጅ ያሳደገች የወሎ ሴት፣ ልጇን ፋሪሃን ይዛ መጣች። እኔም ነበርኩ። ካርቱም የተወለደችው ፋሪሃ ጣቢያው አጠገብ ያለው የኒም ዛፍ ላይ የተቸነከረውን ቆርቆሮ ፊደል በፊደል አነበበች፦ “ሬሕማ ከገዳሪፍ ባቡር ወርዳ ያረፈችበት ጥላ።”

“ዩማ፣ አንቺ ‘በሎሪ መጣሁ’ አላልሽም?” አለቻት እናቷን።

ሬሕማ ከንፈሯን ነከሰች። “ወላሂ ጋሼ፣ ልጄ ፊት አልዋሽም። ሽንኩርት በጫነ ሎሪ ነው የመጣሁት።”

ጋሽ ጥላዬ ከኪሳቸው ፒንሳ አወጡ። “ልጅ ውሸት ከሚያነብ ዛፉ ባዶውን ይቁም። ሁሉንም እነቅላቸዋለሁ።” የመጀመሪያው ምስማር ሲወጣ ሲጥ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለ እውነት ሳሰላስል ኖሬ፣ ፒንሳ ይዞ ሲመጣ እንዲህ እንደሚያስፈራ አላወቅሁም ነበር።

ሬሕማ እጃቸውን ያዘች። “ይተዉ እንጂ! ሎሪው ጥሎኝ ሲሄድ እዚህ ሥር ያስቀመጠኝ ማነው? ውሃ ያጠጣኝስ?”

“ሦስት ኩባያ ጠጣሽ” አሉ ቀስ ብለው።

“እሱን ይጻፉዋ!”

ቆርቆሮውን ገለበጡት። ፋሪሃ ቀለሙን ይዛላቸው ጻፉ፦ “ሬሕማ በሽንኩርት ሎሪ መጥታ ሦስት ኩባያ ውሃ የጠጣችበት ጥላ።”

ይኼኔ ሕሊናዬ ኮረኮረኝ። ጣቢያው በር ላይ “መምህር ተድላ ከከሰላ ባቡር የወረደበት” የምትል ቆርቆሮ አለችኝ። የመጣሁ ዕለት “በየትኛው ባቡር መጣህ?” ሲሉኝ፣ አፍሬ “በጠዋቱ” ብያቸው ነበር።

“ጋሼ፣ የእኔም ትስተካከል። እኔም በሎሪ ነው የመጣሁት።”

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። “አውቃለሁ። አቧራህን ያራገፍኩልህ እኔ አይደለሁ?”

“ታዲያ ለምን ባቡር ብለው ጻፉ?”

ብሩሻቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “በባቡር መግባት ያማረህ መስሎኝ ነዋ።”

ቆርቆሮዬ እንዳለች ናት። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር፣ ማንም ሳያዘኝ እቆማለሁ።